ለተዳከመ ቡድን የትኛው አሰልጣኝ? ስመ ጥሩው፣ የተሰናበተው ወይስ ከቤት ያደገው

አንድ የቅርጫት ኳስ ክለብ ኮሚቴ ውስጥ ያለ ወዳጄ አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን ጭንቀቱን አጫወተኝ። ቡድናቸው ሽንፈት በሽንፈት ሆኖ ዋና አሰልጣኙን አሰናብተዋል። ሦስት እጩዎች አሏቸው፦ ስም ያለው፣ ሌላ ክለብ ያሰናበተው እና የራሳቸው ረዳት አሰልጣኝ። የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤን ለማየት ሌሊት 9 ሰዓት እንደምነሳ ስለሚያውቅ፣ «እዚያስ እንዴት ይመርጣሉ?» አለኝ። የመለስኩለት ይኸው ነው፤ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዲትሮይት ፒስተንስ በ2023 ሞንቲ ዊሊያምስን ለ6 ዓመት በ78.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ፊኒክስን በ2021 ለፍጻሜ ያደረሰ፣ በ2022 የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ የተባለ ሰው ነው። ዲትሮይት ከመጀመሪያዎቹ 3 ጨዋታዎች 2ቱን አሸነፈና ከዚያ 28 በተከታታይ ተሸነፈ፤ ዓመቱን በ14 ድል ጨረሰ። የ5 ዓመት ውል እየቀረው አሰናበቱት። እኔን ያንገበገበኝ ግን ወጣቱ ጄደን አይቪ በውድድሩ መጀመሪያ ተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጡ ነው። ፊኒክስን ከፍ ያደረገችው ዓመት አንጋፋው ተጫዋች ክሪስ ፖል የመጣባት ዓመት ነበረች፤ ዲትሮይት ውስጥ የነበሩት ደግሞ ገና ማደግ ያለባቸው ልጆች ናቸው። ስም ያለውን ሰው ስትቀጥሩ ያሸነፈው ከእነማን ጋር እንደሆነ ጠይቁ።

በምትኩ የመጣው ጄቢ ቢከርስታፍ ክሊቭላንድ ካሰናበተው ገና ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ብዙ ሰው ቅር አለው። እኔ ግን ክሊቭላንድ ያሸነፋቸውን ጨዋታዎች በየዓመቱ ደርድሬ አየሁ፦ 22፣ 44፣ 51፣ 48። የወደቀ ቡድን አንስቷል፤ ያልቻለው ጥሩውን ወደ ላይኛው ደረጃ ማድረስ ነው። ክሊቭላንድ በተተኪው አሰልጣኝ በኬኒ አትኪንሰን ወዲያው 64 ማሸነፉም ይህንኑ ያሳያል። ዲትሮይት የፈለገው ማንሳቱን ነበርና በመጀመሪያ ዓመቱ 44 ጨዋታ አሸነፈለት። ሁሉም የእሱ ሥራ አይደለም፤ ቶቢያስ ሃሪስ፣ ማሊክ ቢዝሊ እና ቲም ሃርዳዌይ ጁኒየር ተጨምረው፣ ከሩቅ እየወረወሩ ለኮከቡ ኬድ ከኒንግሃም ሜዳውን አስፍተውለታል።

ከቤት ላደገው ኦክላሆማ ሲቲ አለ። ማርክ ዴይግኖልት የክለቡን ታዳጊ ቡድን 5 ዓመት አሰልጥኖ፣ አንድ ዓመት ረዳት ሆኖ፣ በ2020 በ35 ዓመቱ ዋናውን ተረከበ። በየዓመቱ ያሸነፋቸው ጨዋታዎች 22፣ 24፣ 40፣ 57፣ 68፤ በ2025 ዋንጫ። ሁለቱን የመጀመሪያ ዓመታት ልብ በሉ፤ ክለቡ ታግሷል፣ ኮከቡን ሻይ ጊልጀስ አሌክሳንደርንም ይዟል።

ስቲቭ ከር አሰልጥኖ ሳያውቅ በ2015 ከጎልደን ስቴት ጋር ዋንጫ ማንሳቱን የሚያነሱ አሉ። የተረከበው ግን 51 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነበርና ለእናንተ አይሆንም።

ወዳጄን፣ የተሰናበተው እጩ ደካማ ቡድን አንስቶ ከሆነ እሱን ቅጠሩ አልኩት። ረዳታችሁን የምትመርጡ ከሆነ ኮሚቴው ሁለት ዓመት ሊታገስ አስቀድሞ በጽሑፍ ይፈርም፤ ካልፈረመ ልጁን አታቃጥሉት። ከመወሰናችሁ በፊት ሦስቱም አንድ አንድ ልምምድ ይምሩ። እናንተም ዳር ቁሙና የተሳሳተውን ተጫዋች ከሜዳ ሲያስወጡት ምን እንደሚሉት ስሙ።