ባይሲክል ራይደር ባክ፦ ለሰብሳቢም ለተጫዋችም የሚመከር ካርታ

ከልጅነቴ ጀምሮ የመጫወቻ ካርታ ስሰበስብ የኖርሁ በመሆኔ፣ «አንድ ፓኬት ብቻ ግዛ ብትባል የትኛውን ትመርጣለህ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቁት በወርቅማ ቀለም ያጌጠ፣ በተወሰነ ቁጥር ታትሞ መስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ካርታ ስም እንድጠራላቸው ነው። የእኔ ምርጫ ግን በአሜሪካ በየመድኃኒት ቤቱና በየሱፐርማርኬቱ በጥቂት ዶላር የሚሸጠው፣ ጀርባው ቀይ ወይም ሰማያዊ የሆነው «ባይሲክል ራይደር ባክ» ነው። ይህን የምለው ሌሎቹን ንቄ አይደለም፤ ብዙዎቹን በፍቅር አስቀምጫቸዋለሁ። ነገር ግን ካርታ መመዘን ያለበት በእጅ ሲያዝ፣ ሲበወዝና ሲታደል ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ መመዘኛ ደግሞ ራይደር ባክ በዋጋ ብዙ እጥፍ ከሚበልጡት ጋር ይስተካከላል፣ አንዳንዶቹንም ያስከነዳል።

የካርታው አመጣጥ ከአንድ ማተሚያ ቤት ይጀምራል። በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ በ1867 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው ራስል ሞርጋን የተባለ ድርጅት የመጫወቻ ካርታ ማተም የጀመረው በ1881 ነበር። «ባይሲክል» የተባለው ካርታ በ1885 ለገበያ ቀረበ፤ ብስክሌት በአሜሪካ ከተሞች አዲስ ነገር ሆኖ የሰውን ሁሉ ቀልብ በገዛበት ዘመን ማለት ነው። ዛሬም የምናውቀው የጀርባ ሥዕል በ1887 ወጣ። ድርጅቱ ከጊዜ በኋላ ዩናይትድ ስቴትስ ፕሌይንግ ካርድ ካምፓኒ የሚለውን ስም ይዞ ለረጅም ዓመታት በሲንሲናቲ አጠገብ በምትገኘው በኖርዉድ ሲያትም ከቆየ በኋላ፣ በ2009 ፋብሪካውን ወደ ኬንታኪ ግዛት፣ ወደ ኤርላንገር አዛወረ። በ2019 ደግሞ ካርታሙንዲ በተባለው የቤልጅየም ካርታ አሳታሚ ተገዛ። ባለቤቱም ከተማውም ሲለዋወጥ የጀርባው ሥዕል ግን ባለበት ጸንቷል።

ሥዕሉን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ያሰኛል። እርስ በርሱ በተጠላለፈ የሐረግ ጌጥ መካከል ክብ ቅርጾች አሉ፤ በእነሱ ውስጥ ክንፍ ያለው ሕፃን መልአክ ብስክሌት ሲነዳ ይታያል። ካርታው ወደ ላይም ወደ ታችም ቢዞር ያው ሥዕል ስለሚታይ፣ አንድ ካርታ ተገልብጦ መግባቱን ከጀርባው ማወቅ አይቻልም፤ ለጨዋታ የተሠራ ካርታ ሊኖረው የሚገባው የመጀመሪያ ጠባይም ይህ ነው። ዙሪያውን የሚከበው ነጭ ጠርዝ ደግሞ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ካርታው በመጠኑ ሲያረጅና ጠርዙ ሲላላጥ ጉዳቱ ጎልቶ እንዳይታይ ያደርጋል፤ ቀለማቸው እስከ ጫፍ የሚደርስ ካርታዎች ገና ጥቂት እንደተጫወቱባቸው ዳር ዳሩ ነጭ እየሆነ ያስቀይማሉ። በሌላ በኩል ግን ወረቀቱ ሲቆረጥ በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ቢዛነፍ፣ ነጩ ጠርዝ በአንድ ወገን ሰፍቶ በሌላው ወገን ጠብቦ ወዲያው ያስታውቃል። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን ካርታ ሲገዛ መጀመሪያ ጀርባውን አይቶ አራቱ ጠርዞች መመጣጠናቸውን ቢያረጋግጥ መልካም ነው።

ከፊት በኩል ካሉት ካርታዎች ሁሉ በልዩ ጥንቃቄ የተሣለው የስፔድ አስ፣ ማለትም ጥቁር የጦር ጫፍ የሚመስል ምልክት ያለው የአንድ ቁጥር ካርታ ነው። ለዚህ ልማድ መነሻው ግብር ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1711 ጀምሮ በመጫወቻ ካርታ ላይ ከባድ ቀረጥ ይከፈል ነበር፤ ቀረጡ መከፈሉን የሚያረጋግጠው ምልክት በስፔድ አስ ላይ ያርፍ ስለነበር፣ ይህ ካርታ ለመኮረጅ አስቸጋሪ እንዲሆን በረቂቅ ጌጥ ይሣል ጀመር። የቅጣቱም ነገር ቀላል አልነበረም፤ ሪቻርድ ሃርዲንግ የተባለ ካርታ ሠሪ የስፔድ አስን በሐሰት አትሟል ተብሎ በ1805 በስቅላት ተቀጥቷል። ቀረጡ የተነሳው በ1960 ነው። በባይሲክል አስ ላይ የምትታየው ሴት ተቀምጣ፣ ቀኝ እጇን በሰይፍና በጋሻ ላይ አሳርፋ በግራዋ የወይራ ዝንጣፊ ይዛለች፤ ሥዕሉ መነሻ ያደረገውም ቶማስ ክሮፎርድ የቀረጸውን የነፃነት ሐውልት ነው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህችን ሐውልት ታውቋታላችሁ፤ ከ1863 ጀምሮ በካፒቶል ሕንፃ ጉልላት አናት ላይ ቆማ የምትታየው እርሷ ናት።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ የራይደር ባክ ዋና ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ካርታ አንድ ወጥ ወረቀት አይደለም፤ ሁለት ሉሆች ብርሃን በማያሳልፍ ሙጫ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። መብራት ፊት ቢያዝ እንኳ ቁጥሩ በጀርባ በኩል አይታይም። የላዩ ገጽ ደግሞ ለስላሳ ቢመስልም ጎን ለጎን በተደረደሩ ጥቃቅን ስርጉዶች የተሞላ ነው፤ ካርታውን ወደ መስኮት አዘንብሎ ከጎን የተመለከተ ሰው በግልጽ ያያቸዋል፣ በጥፍሩም ጫፍ ይዳስሳቸዋል። በስርጉዶቹ ውስጥ የሚቀረው አየር ካርታዎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ ስለሚያደርግ፣ አንዱ በሌላው ላይ ያለ ትግል ይንሸራተታል። ድርጅቱ ይህን አሠራር «ኤር ኩሽን» ይለዋል። አዲስ ፓኬት ተከፍቶ በጠረጴዛ ላይ በአንድ እጅ ሲዘረጋ፣ ሃምሳ ሁለቱም ካርታዎች እኩል ርቀት ይዘው እንደ ማራገቢያ የሚከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው።

የሁለቱ ሉሆች መጣበቅ በታሪክም አንድ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ድርጅቱ ከመንግሥት ጋር በምስጢር እየሠራ፣ በጀርመን የጦር ምርኮኞች ካምፕ ለነበሩ አሜሪካውያን በስጦታ መልክ የሚላኩ ልዩ ካርታዎችን አዘጋጅቶ ነበር። እነዚህ ካርታዎች በውሃ ሲርሱ ሁለቱ ሉሆች ይላቀቁና በመካከላቸው የተደበቀው የማምለጫ መንገድ ካርታ ቁራጭ በቁራጭ ይገለጣል። እንደ ሰብሳቢ ከሁሉ አብልጬ የምደነቅበት የካርታ ሥራ ይህ ነው፤ ጠባቂዎች ከመሬት ካርታ ይልቅ የመጫወቻ ካርታን በቀላሉ እንደሚያሳልፉ ያሰበ ሰው አእምሮ ሊመሰገን ይገባዋል።

አዲስ ፓኬት ሲከፈት ካርታዎቹ የሚገኙት በተወሰነ ቅደም ተከተል ነው፤ ስፔድ ከአስ እስከ ንጉሥ፣ ዳይመንድም እንዲሁ ከአስ እስከ ንጉሥ፣ ከዚያ ክለብና ልብ በተገላቢጦሽ ከንጉሥ እስከ አስ። ይህ ቅደም ተከተል ለፈተና ይመቻል። ጆከሮቹን አውጥቶ፣ ፓኬቱን በትክክል ሃያ ስድስት በሃያ ስድስት ከፍሎ፣ የሁለቱን ክፍሎች ጥግ አገናኝቶ ቀስ ብሎ መግፋት ነው፤ ካርታዎቹ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እየተፈራረቁ ይጠላለፋሉ። የላይኛው ካርታ ከላይ፣ የታችኛውም ከታች ሆኖ እንዲቆይ እየተደረገ ይህ ያለ ስሕተት ስምንት ጊዜ ቢደገም፣ ፓኬቱ ወደ መጀመሪያው ቅደም ተከተሉ ይመለሳል። ቁጥሩን በእጅ አረጋግጦ ማየት የሚሰጠው ደስታ ለእኔ እስከ ዛሬ አልቀነሰም። በዚህ ጊዜ የካርታው አቆራረጥም ይታወቃል፤ የፋብሪካው ስለት ወረቀቱን ከፊት ወደ ጀርባ ወይም ከጀርባ ወደ ፊት ስለሚቆርጠው ጠርዙ በጣም ጥቂት ያጋድላል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ፓኬት ከሥር ወደ ላይ፣ አንዳንዱም ከላይ ወደ ታች ሲጠላለፍ ይቀለዋል። ለቤት ጨዋታ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የእጅ ጥበብ ለሚለማመድ ሰው ግን ሁለቱንም አቅጣጫ መሞከር ጊዜውን ይቆጥብለታል።

በተለመደው መንገድ ለሁለት ከፍሎ ለሚበውዝ ደግሞ ሌላ የታወቀ ውጤት አለ። የሒሳብ ሊቃውንቱ ዴቭ ቤየርና ፐርሲ ዲያኮኒስ በ1992 እንዳሳዩት፣ ሃምሳ ሁለት ካርታ በደንብ እንዲደባለቅ ሰባት ጊዜ ያህል መበወዝ ያስፈልገዋል። በየቤታችን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ በውዞ ማደል የተለመደ ነው፤ ካርታው በቀላሉ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ሰባቱን ጊዜ ለመጨረስ ማንም አይሰለችም። በዚህ ረገድ ራይደር ባክ የአዳዩን ትዕግሥት አይፈታተንም።

የነገሥታቱና የንግሥታቱ ሥዕል እንግሊዞች ከፈረንሳይዋ ከሩዋን ከተማ ካርታ ሠሪዎች ተቀብለው ለዘመናት ሲገለብጡት የኖሩት ነው፤ በመገልበጥ ብዛትም ብዙ ነገር ተለውጧል። የልብ ንጉሥ በጥንቱ ሥዕል መጥረቢያ ይዞ ነበር፤ የመጥረቢያው ምላጭ ከገልባጭ ወደ ገልባጭ ሲተላለፍ ጠፍቶ፣ ዛሬ ንጉሡ ሰይፍ ወደ ገዛ ራሱ የሚሰነዝር ይመስላል። ከአራቱ ነገሥታት ጢሙ በአገጩ ብቻ ሆኖ ላይኛው ከንፈሩ ላይ ጠጉር የሌለው እርሱ ብቻ ነው። የዳይመንድ ንጉሥ፣ የስፔድ ጃክና የልብ ጃክ ደግሞ ፊታቸውን በጎን ስላዞሩ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ከዚህም ጀርባ ሌላ ጥንታዊ ነገር አለ፤ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት በሚገኘው የግብፅ ማምሉኮች ካርታ ላይ ያሉት አራት ምልክቶች ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና የፈረስ ጉግስ ዱላ ናቸው። ምልክቶቹ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በስፔንና በጣሊያን ሲቆዩ፣ ፈረንሳዮች ለማተም የሚቀሉትን የዛሬዎቹን ልብና ስፔድ አመጡ።

አሁን ወደ ድክመቱ ልመለስ። ወረቀት ወረቀት ነው። የእጅ ላብና ቅባት ይመጠዋል፣ እርጥበት ባለበት አየር ይቆለመማል፣ ቡና ሲፈስበት አለቀለት ማለት ነው። በጂዳ፣ በዱባይ ወይም በሌላ የባሕር ዳር ከተማ የሚኖር ሰው ፓኬቱን ተጫውቶ ሲጨርስ ወደ ካርቶኑ መልሶ፣ ከላዩ ከበድ ያለ መጽሐፍ ጭኖበት ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ቢያስቀምጠው ዕድሜውን ያራዝመዋል። በበዓል ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቆሎውና ዳቦው በመካከል ቀርቦ፣ ኮንከር እስከ እኩለ ሌሊት በሚጫወትበት ቤት ግን ራይደር ባክን አልመክርም። ለእንዲህ ያለው ቤት ሙሉ በሙሉ ከፕላስቲክ የተሠራ ካርታ ይሻላል፤ የአሜሪካው ኬም፣ የብራዚሉ ኮፓግ ወይም የስፔኑ ፉርኒዬ የሚያትሟቸው የፕላስቲክ ካርታዎች በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋሉ፣ ቢታጠፉም በቀላሉ አይሰበሩም። ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ሲዘረጉም እንደ ወረቀቱ አይታዘዙም።

ለመሰብሰብ ለሚያስብ ሰው ይህ ተራ የሚመስል ካርታ ሰፊ መስክ ነው። በቆዩት ፓኬቶች የስፔድ አስ ላይ አንድ ፊደልና ከእርሱ ጋር ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ፊደሉ የታተመበትን ዓመት ያመለክታል። ያው ፊደል ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ስለሚመጣ ብቻውን አይበቃም፤ ከካርቶኑ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። በካርቶኑ መዝጊያ ላይ የፌዴራል የቀረጥ ቴምብር ካለ ፓኬቱ ከ1965 በፊት የታተመ ነው፤ ያ ቀረጥ የቀረው በዚያ ዓመት ነውና። በካርቶኑ ላይ ሲንሲናቲ ኦሃዮ የሚል የተጻፈበትን ሰብሳቢዎች ኤርላንገር ኬንታኪ ከሚለው አብልጠው ይፈልጉታል። ፍላጎቱ ከናፍቆት የመጣ ይሁን ከወረቀቱ ጥራት ብዙ ሲያከራክር ይሰማል፤ እኔ የአሮጌዎቹ ፓኬቶች ወረቀት ሲበወዝ ይበልጥ ለስለስ እንደሚል ይሰማኛል።

ዝናው ብዙ አስመሳዮችንም አፍርቷል። ከዋጋው በታች ርካሽ ሆኖ በኢንተርኔት የሚቀርብ ባይሲክል ካርታ ሲገኝ መጠንቀቅ ያሻል፤ እኔም ከአንድ የኢንተርኔት ነጋዴ ያዘዝሁት ፓኬት ሐሰተኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከሩቅ ሲታይ ምንም አይለይም ነበር። ቀረብ ተብሎ ሲታይ ግን የመልአኩ ፊት ደብዝዟል፣ የሐረጉ ቀጫጭን መስመሮች እርስ በርሳቸው ተዋውጠዋል፣ ገጹም ስርጉድ የሌለውና የሚያብለጨልጭ ነበር። በሁለት ጣት ቆልመም አድርጎ መልቀቅም ይለየዋል፤ እውነተኛው ቀጥ ብሎ ይመለሳል፣ ሐሰተኛው እንደ ጎበጠ ይቀራል።

ለጀማሪ የምመክረው ቀይና ሰማያዊውን አንድ ላይ እንዲገዛ ነው፤ ሁለት ፓኬት በሚፈልጉ ጨዋታዎች ጀርባቸው ስለሚለያይ ጨዋታው ሲያልቅ መለየቱ አያስቸግርም። መጠኑ ፖከር የሚባለው፣ 63.5 በ88.9 ሚሊሜትር የሆነው ነው፤ እጃቸው ትንሽ ለሆነ ወይም ብዙ ካርታ በአንድ ጊዜ ለሚይዙ ተጫዋቾች ወርዱ ወደ 57 ሚሊሜትር የሚጠብበው የብሪጅ መጠን ይቀላል። ዓይናቸው ለደከመ አባቶችና እናቶች የሚገዛ ከሆነ ግን በካርቶኑ ላይ «ጃምቦ ኢንዴክስ» የሚል የተጻፈበት ይፈለግ፤ ጀርባውና ወረቀቱ ያው ሆኖ በጥጉ ላይ ያለው ቁጥርና ምልክት በጣም ተልቆ ስለታተመ፣ መብራት በደበዘዘበት ሳሎን እንኳ ያለ መነጽር ይነበባል።