ተንቀሳቃሽ አር.ሲ.ዲ ለዓሣ ገንዳ፦ ከ8 ወር አገልግሎት በኋላ

ከግድግዳ ሶኬትና ከማከፋፈያ መሃል የሚሰካው ይህ አር.ሲ.ዲ (ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ ኃይል የሚያቋርጥ የ30 ሚሊ አምፔር መቁረጫ) ደብረ ብርሃን ውስጥ በ80 ሊትር ገንዳ ላይ 8 ወር ሠርቷል። የተሸከመው 150 ዋት ማሞቂያ፣ 10 ዋት ፊልተር፣ 15 ዋት መብራትና 4 ዋት የአየር ፓምፕ ነው። ሁሉም ተደምሮ በ220 ቮልት 1 አምፔር አይሞላም፤ የሚያሰጋው የላላ ስፒናና ውኃ ነው።

ያስመሰገነው መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ መቀጠሉ ነው። ሌላው ዓይነት መብራት በሄደ ቁጥር ይዘጋል፤ በጣት ካልተጫነ አይነሳም። ለመፍጫና ለመጋዝ ያኛው ዓይነት ትክክል ነው፣ ማሽኑ ሳይታሰብ እንዳይነሳ። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድበት አገር ግን ሌሊት 8 ሰዓት የሄደ መብራት 9 ሰዓት ቢመጣም ማሞቂያው ጠፍቶ ያነጋል፤ 25 ዲግሪ የለመደ ዓሣ ይህን አይችልም። ሱቅ ውስጥ አብሩትና ከግድግዳው ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ እንደበራ ከቀጠለ ለገንዳ ይሆናል።

ድክመቱ ክብደቱ ነው። ሶኬቱ ከላላ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ግንኙነቱም ይግላል። ጥርሱ ከጠቆረ ሶኬቱ ይቀየር።

በየወሩ የ«ቴስት» ቁልፉን ተጫኑ፤ ግን መቁረጡ የቤቱ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ደህና ነው ማለት አይደለም፣ የሚፈትነው ራሱን ብቻ ነው። የመስታወት ማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ ኧርዝ የለውም። ቢሰነጠቅ ውኃው ፌዝ (የሚነዝረውን ኤሌክትሪክ) ይዞ ሊቆይ፣ መቁረጫውም የሚነቃው እጅ ሲገባ ሊሆን ይችላል፤ በ0.3 ሴኮንድ ውስጥ ቢቆርጥም መንዘሩ አይቀርም። ስለዚህ እጅ ከመክተት በፊት ሁሉም ይነቀል። ውኃ ስትቀይሩ ማሞቂያው 15 ደቂቃ ቀድሞ ይነቀል፤ እንደጋለ ከውኃ ከወጣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

በ6ኛው ወር በዘፈቀደ የሚመስል መቁረጥ ጀመረ። ሁሉንም ነቅሎ አንድ በአንድ መሰካት ነው መፍትሔው። ማሞቂያው ሲሰካ ዝም ብሎ፣ ቀይ መብራቱ ሲበራ ቆረጠ፤ በክዳኑ ጎማ እርጥበት ገብቶ ነበር። ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ከፍ አድርጋችሁ ካልሞከራችሁ ይህ ዓይነቱ ጥፋት ያመልጣችኋል። የማሞቂያው ነው ጥፋቱ፣ መቁረጫው ሥራውን ነው የሠራው።

ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ተመልሰው ይውጡ፣ ጠብታው ከታች እንዲቀር። የአየር ፓምፑም ቱቦ ላይ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ግጠሙ፤ መብራት ሲሄድ የገንዳው ውኃ በቱቦው ወደ ፓምፑ ሊፈስስ ይችላል።