ቴሌግራም ቻናል ወይስ የታተመ መጽሐፍ?

ጅማ ሆነህ ግጥም ወይም ልቦለድ ትጽፋለህ እንበል። ቻናል ትከፍታለህ ወይስ ታሳትማለህ?

ወጪ፦ ለቻናል ዳታ ይበቃል። መጽሐፍ የማተሚያ ቤት ቀብድ አለው፤ አዲስ አበባ ካሳተምክ ደግሞ እስከ ጅማ የማስጫኛውም ይጨመራል።

አንባቢ፦ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ጋ ነው። ማታ የለጠፍከውን ግጥም ጠዋት ሄርማታ ሰፈር ቡና ስትጠጣ ሰው ያነሳልሃል፣ ደስ ይላል፤ ግን አንድ የቴሌግራም መልእክት ከ4096 ፊደል በላይ ስለማይዝ ሳታውቀው አጭር አጭሩን፣ ቶሎ የልብ ምልክት የሚያስደረድረውን መጻፍ ትጀምራለህ፣ ተከታዩም ጽሑፉን ትቶ የአንተን ፎቶና የአንተን ጠብ ይጠብቃል። የመጽሐፍ አንባቢ ይዘገያል። ከመጣ ግን ያሰምርበታል፣ ያውሰዋል፣ ይከራከርበታል። (ለነገሩ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ብዙ ቤት የገባው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው፤ ወረቀት ብቻውን አልሠራም።)

ስጋት፦ ቻናል ላይ ግጥምህ ስምህ ተቆርጦ ይዞራል። መጽሐፉም ፎቶ ተነስቶ ፒዲኤፍ ይሆናል። እኩል ናቸው።

ገና እጅህን እያፍታታህ ከሆነ ቻናሉ ያዋጣሃል፣ አስተያየቱ ቶሎ ይመጣል። ያለቀ ረጅም ልቦለድ ከያዝክ አሳትም፤ ቻናሉ ላይ አንድ ምዕራፍ ብቻ ልቀቅ።