ለገና አገር ቤት ስንገባ የምንከፍልባቸው አገልግሎቶች

ከውጭ ለገና አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው ዛሬ በገንዘብ የማይገኝ የበዓል ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ዶሮው ታርዶ ብልቱ ወጥቶ ይመጣል፤ እንጀራው ተጋግሮ ደጅ ይደርሳል፤ ሽንኩርቱ ተልጦና ተከትፎ ይሸጣል፤ ዶሮ ወጡ ራሱ ከነድስቱ ይታዘዛል። ሁሉንም ከሞከርን በኋላ የደረስንበት ፍርድ ይህ ነው፦ ከድስቱ በፊት ያለውን ድካም ግዙ፣ ድስቱን ለቤቱ ተዉት። እናት ወይም አክስት ጉልበታቸው የሚያልቀው ሲልጡና ሲበልቱ ነው፤ እጃቸው የሚታወቀው ግን ቁሌቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የቀን ነገር። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ ከበዓሉ በፊት የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ጾመኛ ቤት ነው። ለአዛውንቶች የሚመጣ ወተት ያለበት ቸኮሌትና ቅቤ የገባበት ብስኩት እስከ በዓሉ ድረስ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ለመጀመሪያው ቀን የሚቀርብ ነገር ከፈለጋችሁ ተምር፣ ለውዝ ወይም የደረቀ ፍራፍሬ ያዙ። ከበዓሉ ቢያንስ አምስት ቀን ቀድሞ መግባት ይሻላል፤ ከታች የምናነሳው የእንጀራና የዶሮ ትዕዛዝ ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል።

ቦሌ ላይ ተቀባይ ቲኬት ሳይኖረው ወደ ውስጥ አይገባም፤ ዘመድ የሚጠብቀው ውጭ መኪና ማቆሚያው ጋ ነው። ስለዚህ የሚሠራ ስልክ ይዞ መውጣት ግድ ነው። ሲም ካርድ የሚመዘገበው በፓስፖርት ነው፤ ፓስፖርቱን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት። ዶላር ለመመንዘር አንድ ባንክ አይታችሁ አትወስኑ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን ዋጋው ከባንክ ባንክ ይለያያል። ጋጋሪዎችና ዶሮ ሻጮች በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ቢሆንም በዋዜማው ኔትወርክ ሲጨናነቅ ጥሬ ብር ያድናል። የመተግበሪያ ታክሲ ለሰው ምቹ ነው። የቁም ዶሮ ወይም በግ ካለ ግን ሾፌሩን ገና ሲደውል ንገሩት፤ ብዙዎቹ ደርሰው ካዩ በኋላ ጥለው ይሄዳሉ።

ዶሮው ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። የሐበሻና የፈረንጅ ዶሮ ዋጋቸው ብቻ ሳይሆን አበሳሰላቸውም ይለያያል። የሐበሻው ሥጋ ጠንካራ ስለሆነ ረጅም እሳት ይችላል፣ ወጡንም ያጣፍጠዋል። የፈረንጁ ቶሎ ይበስልና ብልቱ ከአጥንቱ እየለቀቀ ድስት ውስጥ ይበተናል። ሁለቱን አንድ ድስት ውስጥ መቀላቀል ትልቁ ጥፋት ነው። አርዶ ለሚያቀርብ ሰው ስታዝዙ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንደኛ፣ ማን ያርዳል? የክርስቲያን ወይም የእስላም ሥጋ መሆኑ በቤቱ ትርጉም አለው፤ ሳይጠየቅ የመጣ ዶሮ ሳይበላ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛ፣ በምን ይቆረጣል? በማሽን መጋዝ የተቆረጠ ዶሮ አጥንቱ ስለሚሰነጠቅ ስባሪው ወጡ ውስጥ ይገባል፣ ልጅ ጉሮሮ ላይም ይቀራል። 12ቱ ብልት በቢላ፣ በየመገጣጠሚያው መለየት አለበት። አንድ ያዘዝንበት ቤት ታፋውን መሐል ለመሐል በመጋዝ ከፍሎ «12 ሆኗል» ብሎ ላከ። ቁጥሩ ሞላ፣ ብልቱ ግን ጠፋ።

«ታጥቧል» የሚለውንም እንደ ቅድመ ሥራ ብቻ ቁጠሩት። በሎሚና በጨው እየታሸ፣ ውኃው ኩልል እስኪል ድረስ ቤት ውስጥ እንደገና ይታጠባል። የቀረ ላባና ሞራ ያለበት ዶሮ ወጡን ያከረፋል፣ ያን ሽታ ኮረሪማም አይሸፍነውም።

ሽንኩርት ለአንድ ዶሮ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ይፈጃል። የተላጠውን ግዙ፣ የተከተፈውን ተዉት። በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ውኃውን ለቆ በላስቲክ ውስጥ ሲያድር ይመራል፣ ድስት ላይም ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል። ቁሌቱ ያለ ዘይት፣ በዝግታ፣ ውኃው እስኪመጥ ይማሰላል፤ ዘይቱና በርበሬው ከዚያ በኋላ ይገባሉ። ከነድስቱ የታዘዘው ዶሮ ወጥ የወደቀው እዚሁ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ ስለገባበት ሳህን ላይ ሲወጣ ውኃው ለብቻው፣ ዘይቱ ለብቻው ተለየ። ለቢሮ ግብዣ ይሆን ይሆናል፤ ለገና ገበታ አንመክረውም።

ለዓመታት ውጭ ያበሰለ ሰው አንድ ነገር ይዘነጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ የለመዳችሁት ሰዓት እዚህ አይሠራም፤ ለዶሮውም ለእንቁላሉም ጊዜ ጨምሩ። ቅዳሴው በሌሊት ስለሚያልቅ ወጡ በዋዜማው ምሽት ተሠርቶ ማለቅ አለበት፤ ሌሊት የሚቀረው ማሞቅ ብቻ ይሁን።

እንጀራ ለማዘዝ ሦስት ቀን ያስፈልጋል፣ ሊጡ መቡካት አለበትና። በዋዜማው «ዛሬ አደርሳለሁ» የምትል ጋጋሪ እርሾ አብዝታ ወይም የሌላ ሰው ትርፍ ሰብስባ ነው። ለ10 ሰው፣ ለበዓሉ ቀንና ለማግስቱ፣ 40 እንጀራ ይበቃል። ንጹሕ ጤፍ መሆኑን በግልጽ ተነጋገሩ። ሩዝ ወይም በቆሎ የበዛበት እንጀራ በመጣበት ሰዓት ነጭና ቆንጆ ይመስላል፣ ነጋ ሲባል ግን ይደርቅና ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። መብራት ቢጠፋ በምን እንደምትጋግርም ጠይቋት። በኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ የምትሠራ ከሆነ እንጀራውን ከዋዜማው አንድ ቀን ቀድማችሁ ተረከቡ። የእኛዋ ጋጋሪ አብርዳ፣ በጨርቅ አልብሳ ነው የላከችው። ከሁሉም አገልግሎት ያለማመንታት የምናመሰግነው የእሷን ነው።

ቅርጫ መግባት የሚፈልግ በዘመድ በኩል አስቀድሞ ስሙን ያስይዝ። መደቡ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ አጥንት፣ ጉበትና ጨጓራም ይደርሳል፣ ስለዚህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቦታ ይኑር። ግቢ ውስጥ የታረደ በሬ የቄራ ምርመራ አላለፈም። ጥሬ ለሚወድ ማኅተም ያለበትን ከሥጋ ቤት ግዙለት፣ የቅርጫውን ለጥብስና ለቅቅል አድርጉት። ኮሶ የሚመጣው በሚገባ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው፤ ከውጭ ለመጡ ልጆች ለብለብም አይበቃቸውም።

መመለሻ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በእሽግ ነው። ከወፍጮ ቤት የወጣ በርበሬ ትኩስ ነው። ወዲያው ላስቲክ ውስጥ ከገባ ያልበዋል፣ ይጓጉላል፣ ከዚያም ይሻግታል። ሌሊቱን ሰፊ ሰፌድ ላይ አሳድሩት። ቫኪዩም የሚያሽጉ ሱቆች ሥራቸው ጥሩ ነው፣ ግን ዱቄቱ አየሩ ሲሳብ ወደ ከረጢቱ አፍ ይመጣና እሽጉ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። መጀመሪያ በወረቀት ከረጢት አስጠቅልሉ፣ ከዚያ በሁለት ላስቲክ ይታሸግ። ወደ አሜሪካ የምትበሩ በርበሬና ሽሮውን በሚላከው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት። በእጅ ሻንጣ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት ተጨማሪ ፍተሻ ይጠይቃል፣ ምንነቱ ካልተለየም ይቀራል።

ቋንጣ አሜሪካም አውሮፓም አይገባም፤ አውሮፓ ቅቤንም አይቀበልም። አሜሪካ ሲደርሱ የያዙትን ምግብ ሁሉ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ ያላስመዘገበ እስከ 10,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ሙሉ ሻንጣ በላስቲክ የሚጠቀልሉትን አገልግሎት አትክፈሉ። ፍተሻ ላይ ሊቀደድ ይችላል፣ ለዱቄቱም የሚጨምረው ነገር የለም። እንጀራ ለመውሰድ ሙሉ በሙሉ ይብረድ፤ ትኩሱን ያሸገ ሰው ሲደርስ ሻጋታ ያገኛል። ድርቆሽ ቀላል ስለሆነ ኪሎ አይበላም። ጠጅ ግን መፍላቱን ካልጨረሰ ጠርሙሱን ያፈነዳልና ከልብስ ጋር አታሽጉት፤ እዚያው ከቤተሰብ ጋር ጠጡት።