የአባቴን ፔጆ ዳሽቦርድ ላዳነልኝ የኮምቦልቻ ልጅ ምስጋና ይድረሰው

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ! ይሄን ፖስት እስካሁን ያቆየሁት ሥራው የግንቦትን ሙቀት ችሎ ይወጣ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ከዚህ በፊት ያሠራነው ሁሉ ስንረከበው አምሮ ሙቀት ሲመጣ ጉድ የሚያፈላ ስለነበር ቶሎ ማመስገን ፈርቼ ነበር። ግንቦትም ሰኔም አለፈ፣ ዳሽቦርዱ ንቅንቅ አላለም፣ አልሀምዱሊላህ፣ አሁን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

አባቴ ድሮ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ በባቲ በሚሌ አድርጎ ያንን በረሃ ሲመላለስ ነው ዕድሜው ያለቀው። ባጠራቀማት ብር ለራሱ የገዛት ነጭ ፔጆ 504 አለች፣ እኛ ሳንወለድ ቤት የገባች፣ እናቴ "ታላቅ እህታችሁ" የምትላት። ሞተሯ ዛሬም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች (አባባ ይሄን ቢያነብ "በአራተኛ ነው!" ብሎ ይጣላኛል)። ዳሽቦርዷ ግን አለቀ። ከመስታወቱ ስር ያለው ላዩ ተሰነጣጥቆ፣ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ቢጫ ሆኖ እየተፈረፈረ እግራችን ላይ ይወርድ ነበር። በተለይ በ2014 ከከተማ ስንወጣ ሜዳ ላይ ያለ ምንም ሽፋን ቆማ ስለከረመች ከዚያ ወዲህ ባሰባት።

ያየነውን ፍዳ ላውራላችሁ፣ ስም አልጠራም። አንዱ ቤት የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ ቀብተው ሰጡን፣ ዋው ብለን ወጣን። ከዚያ ማታ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ፀሐይ ፊት ለፊት መጥታ ዳሽቦርዱ መስታወቱ ላይ ነጸብራቁን ሲለቅብን መንገዱ ጠፍቶን ዳር ይዘን ቆምን፣ አቧራው ደግሞ ልጥፍ ብሎ ቀረ። ሌላው ቤት ስንጥቁ ላይ ጥቁር ቆዳ በማስቲሽ ለጠፉበት፣ የመጀመሪያው ሙቀት ሲመጣ ፊኛ ሠርቶ ተነሳና ሲላጥ የድሮውንም ቆዳ ይዞት ሄደ! ተመልሰን ብንሄድ "ፀሐይ ላይ ለምን አቆማችኋት?" አሉን። መኪና ታዲያ የት ነው የሚቆመው ወገን፣ አልጋ ላይ?

ሦስተኛው ግን ነው እስካሁን የሚያመኝ። አባባ አጠገቤ ቆሞ እያለ "ይሄን ቆርቆሮ ሸጣችሁ ረፉ" አለ አንዱ ሠራተኛ እየሳቀ። አባባ ምንም አልመለሰም፣ ዝም ብሎ ገብቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ነኝ ቤት ስደርስ የተንጨረጨርኩት።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ጓደኛዬ "ኮምቦልቻ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፋ ልጅ አለ፣ ሞክሩት" አለኝ። ታፔላ የለው ምን የለው፣ አንዲት ጠባብ ቤት። ልጁ ዳሽቦርዱን ገና ሳይነካ ነጭ ጨርቅ አውጥቶ የፊት መስታወቱን ከውስጥ በኩል ጠረገና አሳየን፣ ጨርቁ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር አለ። "ይሄ ከዳሽቦርዱ ተንኖ የወጣ ነው፣ ላስቲኩን የሚያለሰልሰው ነገር በፀሐይና በሙቀት እየወጣ ሲያልቅ ይደርቃል፣ ይሸበሸባል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል" አለን። እኛ ያንን ጉም ስንት ዓመት ስንጠርግ አቧራ ነው የምንለው! እዚያው አመንኩት።

አባባን ወንበር ሰጥቶ "አብሽሩ አባቴ፣ ሳልጠይቅዎት አንድ ነገር አልቆርጥም" አለው። አሁን ልብ በሉ፣ አባባ ዓይኑን ሞራ ይዞት በደንብ አያይም። ልጁ ይሄን ሲያውቅ ያሉትን ቆዳዎች በሙሉ አምጥቶ ጭኑ ላይ ደረደረለትና "በእጅዎ ይዩትማ፣ የድሮው የቱን ይመስላል?" አለው። አባባ በጣቱ አንድ በአንድ እየዳሰሰ፣ ስለ አሰብም እያወራ፣ ልጁም ሥራ ፈት ይመስል ቁጭ ብሎ እየሰማው፣ በመጨረሻ አንዱን ጨምድዶ "ይሄ ነው!" አለ። የመረጠው ደግሞ ቁራጭ ሆኖ አይበቃም፣ ልጁ ከአዲስ አበባ አስመጣለት፣ ዋጋው ላይ ግን አምስት ሳንቲም አልጨመረም። አንዱ ቆርቆሮ ብሎ ያዋረደውን ሽማግሌ ሌላው እንዲህ ሲያከብረው ሳይ እንባዬ መጣ፣ ምን ልበላችሁ።

አሠራሩን አትጠይቁኝ። ነቅሎ አወጣው፣ የተበላውን ስፖንጅ ቆርጦ የሆነ ነገር ሞላበት፣ ሞረደው፣ ቆዳውን ወጥሮ አለበሰው፣ ስፌቱ የት እንዳለ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ፈረንሳይ የ504ን የቤት መኪና መሥራት ያቆመችው በፈረንጆቹ 1983 ነው፣ ኦሪጅናል ዳሽቦርድ አዲስ ከየት ይመጣል? ይሄ ልጅ ባይኖር ተስፋ ቆርጠን ነበር።

ስንወጣ ደግሞ ጠርቶ መለሰን። የፊት መስታወቱን ለክቶ፣ ብርማ ነገር የተለጠፈበት መጋረጃ ቆርጦ በነፃ ሰጠን፣ "ይሄን ካላደረጋችሁ ሥራዬን ፀሐይ ትበላዋለች፣ በቆማችሁ ቁጥር ዘርጉት" ብሎ። ስትቆሙ አፍንጫዋን ከፀሐይ አዙሩ፣ መስኮቱን በጣት ያህል ክፈቱላት፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ፣ ቤንዚንና አልኮል እንዳታስነኩ አለን። እኔ "ደሴ እኮ ብርድ ነው" ብለው ሳቀብኝ። ለካ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይጠነክራል፣ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ነው አሉ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ በሙቀቱ ደሴ በጨረሩ፣ ለአሮጌ መኪና ሁለቱም ጠላት ናቸው ማለት ነው።

ወንድሜ፣ አላህ እጅህን ይባርከው፣ ሥራህን ያብዛልህ። ቮልስ፣ ፊያት፣ ፔጆ፣ ላንድሮቨር ያላችሁ ሁሉ፣ የአባቶቻችሁን መኪና ለማንም አትስጡ፣ እሱ ጋ ውሰዱ! በእውነት ውሰዱ። "ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳትጽፈው፣ ያለብኝን ሥራ ራሱ አልጨረስኩም" ስላለኝ ነው ያልጻፍኩት፣ ኢንቦክስ አድርጉ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ጁምዓ ከሰዓት አታገኙትም፣ ሌላ ቀን በጠዋት ሂዱ። የፔጆዋ ልጅ ላከኝ በሉት። ይቀንስላችኋል አላልኩም።