ከርቤ ከገዛችሁ ያልተፈጨውን ግዙ

ከርቤ የምትወዱ ሰዎች፣ እባካችሁ የተፈጨውን ተዉት። ያልተፈጨውን ከመርካቶ፣ ዕጣንና ቅመም ከሚሸጥበት ሱቅ ገዛሁ፤ ዱቄቱን ደግሞ በፕላስቲክ ታሽጎ ከአንድ ሱፐርማርኬት። ጎን ለጎን ሳያቸው በፍጹም አይገናኙም።

ጓሉ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ላዩ አቧራ የለበሰ ይመስላል። ሲሰበር ግን ውስጡ ያብለጨልጫል፣ አንዳንዱ ላይ ነጫጭ መስመር ይታያል። ሽታው ከበድ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ መድኃኒት መድኃኒት የሚል ነው፤ በጣም ነው የምወደው። ምላስ ላይ ሲነካ ደግሞ ምርር ይላል። ስባሪውን በውሃ ስታሹት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል፣ ምክንያቱም ከርቤ ውስጥ በውሃ የሚሟሟ ሙጫም የማይሟሟ ዘይትም አብረው አሉ። ዱቄቱ ምሬቱ የደከመ ነው፣ ሲጨስም የተቃጠለ እንጨት ይሸታል። ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን መለየት አይቻልም። ጓል ከሆነ ቢያንስ ባዕዱን መልቀም ትችላላችሁ።

ስታጨሱት ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ከርቤ እንደ ዕጣን ቶሎ አይቀልጥም፣ ያብጥና ያራል። ለቡና ሰዓት ብቻውን ይከብዳል፤ ጥቂት ስባሪ ከነጭ ዕጣን ጋር ቀላቅላችሁ ሞክሩት፣ ቤቱ ውስጥ ሽታው እስከ ማግስቱ ይቆያል።

ብዙ ሰው ከርቤ ከዓረብ አገር ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የእኛው ቆላ ቁጥቋጦ እኮ ነው! ሶማሌ ክልል፣ ባሌ ቆላ፣ ቦረና፣ ከግራሩ ጋር በደረቁ አሸዋማና ድንጋያማ መሬት ላይ ይበቅላል። ቅርንጫፉ ጫፉ እሾህ ነው፣ ቅጠሉ ትንንሽ፣ በበጋ ደግሞ ራቁቱን ይቆማል። ቅርፊቱ ሲቆስል የሚወጣው ፈሳሽ ግንዱ ላይ ይደርቅና እየተለቀመ ለገበያ ይቀርባል። በዚያ ሐሩር፣ በዚያ እሾህ መሃል የሚለቅመውን ሰው ሳስብ፣ አዲስ አበባ ደርሶ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት መሸጡ ያናድደኛል። ጅግጅጋ የምትሄዱ ከሆነ በሶማሊኛ ስሙ «መልመል» ብላችሁ ጠይቁ።

በውሃ በጥብጦ ለድድ መጉመጥመጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ግን አትዋጡት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ ጭራሽ አትሞክረው።

ስትገዙ ሻጩን «አንዱን ስበርልኝ» በሉት። እምቢ ካለ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ።