ለደብረ ብርሃኗ ሲስተር፣ አባባን ስላስተኛሽልን

የአባታችን አርባ ይውጣና እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ምስጋናው ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሥራ ሰዓቷ ውጪ ቤት ለቤት እየሄደች ሕመምተኛ ለምታይ ነርስ ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለች እኛ እንደምንጠራት «ሲስተር» እላታለሁ።

አባባ የሳንባ ካንሰር ነበረበት። ዕጢው የጎድን አጥንቱ ድረስ ስለደረሰ ሲያስለውም ሲገላበጥም ያመዋል። ግን የመንዝ ሰው ነው። እንዴት አደሩ ሲባል መልሱ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። ሐኪም ፊትም ያው። ሲስተር ደህና ነዎት ወይ ብላ አልጠየቀችውም። «አባባ፣ በየትኛው ጎንዎ ነው የሚተኙት? ሌሊት ስንቴ ይነቃሉ? ጋቢውን ራስዎ ይደርቡታል?» አለችው። ሕመሙ በዚያው ወጣ። ከአስር ስንት እንደሚሆን በጣትዎ ያሳዩኝ ስትለው ስምንት ጣት አነሳ። እናታችን ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ሐኪሙ የሚጠጣ ሞርፊን፣ ማለትም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ ሲያዝለት ቤቱ ተረበሸ። የሚሞት ሰው መድኃኒት ነው፣ ሱስ ያስይዛል የሚለው ወሬ እኛም ቤት ነበር። ሲስተር ቁጭ ብላ አስረዳችን። በትንሹ ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ይጨመራል፤ በሐኪም ክትትል በልኩ ከተወሰደ ሞት አያፋጥንም። ትንፋሽ ማጠሩንም ያቀልላል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ሰዓቱ ነው። ሕመሙ እስኪነሳ አይጠበቅም። በሐኪሙ ትእዛዝ መሠረት ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12 ሰዓት ይሰጠዋል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ እጥፍ ነው፤ ሌሊት ለመድኃኒት እንዳይቀሰቀስ። የስልካችንን አላርም ራሷ ሞላችልን። በመሃል ድንገት ሲብስበት የሚጨመረውንም በሲሪንጅ እየለካች አሳየችን። የሆድ ድርቀት መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ተጀመረ። ማቅለሽለሹና እንቅልፉ በጥቂት ቀን ይተወዋል፣ ድርቀቱ ግን አይተውም ብላን ነበር፤ እንዳለችው ሆነ። ወደ ክንዱ የሚወርደው የሚያቃጥል ሕመም የነርቭ እንደሚመስላት ለሐኪሙ ስትነግረው፣ ማታ ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን የሚባል የነርቭ ሕመም ማስታገሻ ታከለለት።

ከዚያ ዓቢይ ጾም ገባ። አባባ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አልቀምስም አለ። ሲስተር አልተከራከረችውም፤ የንስሐ አባቱን ጥሩልኝ አለች። እሳቸውም መጥተው «ለሕመምተኛ መድኃኒት ጾም አያስፈርስም፣ ይውሰዱ» አሉት። ከዚያ ወዲያ አላርሙን ቀድሞ የሚያስታውሰን እሱ ሆነ። ስንት ሰው ይህን ጉዳይ በጭቅጭቅ ያበላሸዋል!

ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም። ግን ይተኛ ነበር። ቡና ሲፈላ ተነስቶ ከእኛ ጋር ይቀመጥ፣ ከልጅ ልጆቹ ጋር ያወራ ነበር። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልልን።

ደብረ ብርሃን፣ ጫጫና አካባቢው ሆናችሁ ቤታችሁ የካንሰር ሕመምተኛ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ስትመጣ በሽተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ አቅርቡላት። መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ መድኃኒቶቹ ነው።